የአካባቢ ጥበቃ ሕግና የመርካቶ ቦዮች

የክረምት ዝናብ በመርካቶ ላይ ሲወርድ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚንቆረቆረው ውኃ ወደ ቦዩ መግባት ሲገባው ወደ መንገዱ ይወጣል። ተሸካሚው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተነክሮ ያልፋል፤ ነጋዴው የሱቁን ደፍ በአሸዋ ከረጢት ይገድባል፤ በመንገድ ዳር ዘርግታ የምትሸጠው እናት ዕቃዋን ጠቅልላ ትነሣለች። ቦዩን የደፈነው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም። የካርቶን ቁራጭ፣ የፌስታል ክምር፣ የጫት ገረባ፣ የማሰሪያ ገመድ፣ የጨርቅ ቅዳጅ፣ በመኪና ዘይት የተለወሰ ጭቃ ነው። ለማወቅ የሚያስቸግረው ማን እንደ ጣለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ነው። ሕግ «ጉዳት ያደረሰ ይካስ» ሲል፣ ጉዳቱ ግን በአንድ ሰው ሳይሆን በብዙ ሺህ እጆች የተሠራ ሲሆን፣ ሕግና መንግሥት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ስለ ጉዳት ካሳ የሚናገር ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው፣ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል። ሰውየው በሬውን አልገፋውም፤ ሆኖም ጉድጓዱን ከፍቶ የተወው እርሱ ነው። ዛሬ «በካይ ይክፈል» የሚባለውና በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔይሮ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ መግለጫ ውስጥ የገባው መርሕ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ባለንብረት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ከልክሏል። ይህም «የአካባቢ ጥበቃ» የሚለው አነጋገር በመካከላችን ገና ባልተለመደበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል።

እነዚህ ሕጎች ግን በዳኛው ፊት ሁለት ሰዎችን ያቆማሉ። ባለ ጉድጓዱና ባለ በሬው፣ ጢስ የሚያወጣውና ጢስ የሚገባበት ይተዋወቃሉ። በአንድ ሰፈር አንድ ወፍጮ ቤት ሲኖር ይህ ይበቃ ነበር። መርካቶ ላይ ሲደርስ ግን ያጥራል።

እንደሚታወቀው መርካቶ አሁን ባለበት ስፍራ የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ለአገሬው ሰው ተብሎ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው ያደገው በመንግሥት ፕላን ብቻ ሳይሆን በራሱ በነጋዴው ልማድ ሲሆን፣ የልማዱም መሠረት «ተራ» ነው። በርበሬው በተራው፣ ሸማው በተራው፣ ቆርቆሮው በተራው፣ ጫቱም በተራው ይሸጣል። ገዢው ምን እንደሚፈልግ ካወቀ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እንግዲህ እኛ እንደምናየው፣ እያንዳንዱ ተራ የራሱ ሸቀጥ እንዳለው ሁሉ የራሱ ጥራጊም አለው። በገረባ የተሞላ ቦይ ያየ ሰው ከጫት ተራ ብዙ እንዳልራቀ ይገነዘባል፤ የቆርቆሮ ስባሪ የበዛበት ቦይም ባለቤቶቹን ራሱ ይናገራል። «ማን እንደ ጣለው አይታወቅም» የሚለው ምክንያት ስለዚህ እውነትነቱ ግማሽ ብቻ ነው። የሰውየው ስም አይታወቅ ይሆናል፤ ተራው ግን ይታወቃል። ይህን ነጥብ ይዘን ወደ ሕጎቻችን እንመለስ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጹ በዚህ አያበቃም። መንግሥት በሚያካሂዳቸው ሥራዎች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሮአቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳላቸው ጨምሮ ይናገራል። ሁለቱ በአንድ አንቀጽ ሥር መቀመጣቸውን እኛ እንደ ዋዛ አናየውም። ሰፈርን ለማጽዳት ሲባል ድኃውን ጠርጎ ማውጣት በሕጉ ዓይን ጽዳት አይባልምና። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ እንደ ሆነ፣ ሕዝቡም እርሱን በሚመለከቱ የአካባቢ ጉዳዮች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ተጽፏል።

በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለብዙ ዓመታትም በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ተመርቷል። በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና ባለሥልጣን ሆኗል። የበሩ ላይ ጽሑፍ በተለዋወጠ ቁጥር ባለ ጉዳዩ መንገድ መሳቱ አይቀርም።

ለርእሳችን ዋና የሆነው በኅዳር 1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አብሮት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወጥቷል፤ ይህኛው ገና ያልተሠራውን ሥራ አስቀድሞ ይመረምራል። ቁጥር 300 ግን የደረሰውን ጉዳት ይመለከታል። ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል። የውኃ፣ የአየር፣ የአፈርና የድምፅ ደረጃዎች እንዲወጡ ያደርጋል፤ ድምፅም ከብክለት እንደሚቆጠር በመርካቶ ጎዳና ከድምፅ ማጉያ ሥር የሚውል ሰው ሳይማር ያውቀዋል። የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማናቸውም ቦታ ገብተው እንዲመረምሩ ሥልጣን ይሰጣል። የከተማ አስተዳደሮችም የከተማውን ቆሻሻ መሰብሰቡን፣ መጓጓዙንና ጉዳት በማያደርስ መንገድ መወገዱን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል።

ከሁሉም ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን አንቀጽ 11 ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልማድ፣ ከሳሽ የሚሆን ሰው በጉዳዩ ላይ የራሱ ጥቅም እንዳለው ማስረዳት አለበት። ጢሱ በእኔ ቤት ካልገባ ስለ ጎረቤቴ ሳል እኔ ልከስ አልችልም ማለት ነው። አንቀጽ 11 ግን ይህን በር ከፈተ። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተደሰተ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይችላል። በዚህ መሠረት ገበያውን አቋርጦ ወደ ራጉኤል የሚሄድ ምእመን፣ ወደ አንዋር መስጊድ የሚሄድ ሙስሊም፣ አውቶቡስ ለመሳፈር የመጣ የገጠር ሰው ሁሉ ስለ መርካቶ ቦይ አቤት ለማለት መብት ተሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ሰፊ በር በብዙ አገሮች ሕግ አይገኝም።

በሩ መከፈቱና ሰው መግባቱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂ ወንዝ መበከል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር። የአዲስ አበባ ወንዞች በሙሉ፣ የመርካቶን ጎርፍ የሚቀበሉትም ጭምር፣ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተጠቃልለው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ሰፈሮች ብቻ አልነበረም። ክሱ ግን ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ክርክሩ ያረፈውም መከሰስ ያለበት ማን ነው በሚለው ላይ ነበር። ወንዙን የበከለው ፋብሪካው ነው ወይስ ፋብሪካውን ዝም ብሎ ያየው መሥሪያ ቤት? ለእኛ የፍርዱ ትምህርት ይህ ነው፤ ሕጉ ከሳሹን ነጻ ቢያወጣውም ተከሳሹን ግን አሁንም በስም ይፈልገዋል። ወንዝ ዳር ያለ ፋብሪካ ስምና አድራሻ አለው። ቦይ ዳር ያለ ሕዝብ ግን ስም የለውም፤ መርካቶ ላይ ሕጉ የሚላላውም እዚህ ላይ ነው።

ተከሳሽ በማይገኝበት ቦታ ሁሉ ሸክሙ በከተማው አስተዳደር ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አስተዳደሩ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችን አሰማርቶ ቆሻሻውን ከየቤቱና ከየሱቁ ያስነሣል፤ ክፍያውንም ከውኃ ሒሳብ ጋር ተደምሮ እንዲሰበሰብ አድርጓል። ለመሰብሰብ የሚያመች ዘዴ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ከ«በካይ ይክፈል» መርሕ ጋር ስናስተያየው ይጎብጣል። ልብስ የምታጥብ ባለ ብዙ ልጆች እናት ብዙ ውኃ ትጠቀማለችና ትከፍላለች፤ በቀን ሃምሳ ካርቶን ፈትቶ የሚጥል ጅምላ ሻጭ ከእጅ መታጠቢያ በቀር ውኃ አያስፈልገውምና ጥቂት ይከፍላል። ክፍያው የሚለካው በሚጠጣው እንጂ በሚጣለው አይደለም።

የተነሣውስ ወዴት ይሄዳል? ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ የተከመረው በከተማይቱ ደቡብ ምዕራብ በረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» በሚለው ስፍራ ነው። በመርካቶ የተጠረገ ጎዳና ንጽሕናው በቆሼ ይከፈል ነበር ብንል አልተጋነነም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ በሰንዳፋ ተከፍቶ መኪኖቹ ወደዚያ ማመላለስ ጀመሩ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታውና ፍሳሹ ማሳችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ ብለው ተቃወሙ፤ ስፍራው ወራት ብቻ ሠርቶ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬዎቹ የጠየቁት ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸውን እንጂ ሌላ አልነበረም። ሆኖም ሰንዳፋ እምቢ ያለው ሸክም በሌላ ድኃ ላይ ተመልሶ ተጫነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በምሽት የቆሼ ክምር ተናደ። በሥሩ የጭቃና የላስቲክ ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ከነበሩት መካከል ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማዕከል ተመረቀ፤ ሲታቀድ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ ነበር።

ስለ ቆሼ ሟቾች የተጻፉትን ሕጎች መለስ ብለን ብናነብ፣ አዋጁ ወጥቶ 14 ዓመት አልፎታል፤ ከተማው «ጉዳት በማያደርስ መንገድ» እንዲያስወግድ ታዝዟል፤ ማንኛውም ሰው አቤት እንዲል ተፈቅዶለታል። የጎደለው የሕግ ቃል አልነበረም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ውስጥ፣ አካባቢን የሚጠብቅ በጎ ሕግ ተጽፎ ሥራ ላይ ሳይውል ስለሚቀርባቸው አገሮች የተናገሩት ነገር እኛን ለይቶ የተጻፈ ይመስላል።

የፌስታል ጉዳይ ሕግ ወዴት ማነጣጠር እንዳለበት ጥሩ ማሳያ ይሆነናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከዚያም በኋላ በየሱቁ ተንጠልጥሎ ታየ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስታልን ጨርሰው ሲከለክሉ እኛ ውፍረት እንለካ ነበር፤ በገበያ መካከል ቆሞ የሚሊ ሜትርን መቶኛ የሚለካ ደንብ አስከባሪ ደግሞ ከየት ይገኛል? በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን የፕላስቲክ ከረጢቶች ከልክሏል። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ አስተዳደር በበኩሉ የወንዞችን ብክለት የሚከለክል ደንብ አውጥቶ በከባድ ገንዘብ መቅጣት ጀምሯል። መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን ፌስታል ወደ አገሪቱ ሰፈሮች ሁሉ የሚሰራጨው በአብዛኛው ከመርካቶ ጅምላ መጋዘኖች መሆኑ የታወቀ ሲሆን፣ ቅጣቱ ሎሚ በፌስታል ቋጥራ በምትሸጥ ሴት ላይ ቢጀምር ሕጉ ከጅራቱ ተያዘ ማለት ነው። ከምንጩ የሚያዝ ነገር በጥቂት በሮች ይያዛል።

እስካሁን የመርካቶን ጉዳት ተናገርን፤ የመርካቶን መድኃኒትም ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ይዛባል። በየመንደራችን «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ፣ «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው ይባላል፣ የገዛውን ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ብረትና ጀሪካን ወደ ምናለሽ ተራ ያመጣል። እዚያም በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃና ሳፋ ይሆናል፤ አሮጌ ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ የተጣመመ ብረት ተቃንቶ እንደ ገና ወደ ግንባታ ይሄዳል። ቁጥር 513 ዳግም ሊያገለግል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ የቤተሰቡን ኃላፊ ሲያዝ፣ የምናለሽ ተራ ሰዎች ከአዋጁ በፊት ብዙ ዘመን ሲሠሩት ኖረዋል። የሚሠሩበት ሁኔታ ግን ያሳዝናል። ያለ መነጽር ይበይዳሉ፤ ከባትሪ የወጣውን እርሳስ በባዶ እጅ ይነካሉ፤ መዳብ ለማውጣት የሽቦውን ልባስ ሲያቃጥሉ ጥቁሩን ጢስ የሚስበው መጀመሪያ የራሳቸው ሳንባ ነው። ሕጉ እነዚህን ሰዎች በበካይነት ቢያያቸው አይሳሳትም፤ በጽዳት ሠራተኝነት ቢያያቸውም አይሳሳትም። ጢሱን ከልክሎ ሥራውን የሚያቆም ቁጥጥር ግን ጣሳውንና ጎማውን ወደ ቦዩ ይመልሰዋል። የሚሻለው ለሽቦው መላጫ፣ ለባትሪው የተለየ መጋዘን፣ ለበያጁ መነጽር የሚገኝበትን መንገድ ማበጀት ነው፤ ወጪውም ከሚያድነው የቆሻሻ ማጓጓዣ ገንዘብ ጋር ይተያይ።

አሁን አስቀድመን ወዳነሣነው ወደ «ተራ» እንመለስ። ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ አያያዝ ዕቅዳቸውን ሲያወጡና ሲፈጽሙ እስከ ታችኛው የአስተዳደር እርከን ያለው ማኅበረሰብ እንዲሳተፍ አዝዞ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በመርካቶ ግን ማኅበረሰቡ በወረዳ ወሰን አይገኝም። ጫት ሻጩ ወረዳውን አያስብም፤ ሲጨንቀው የሚሄደው ወደ ተራው ሰዎች፣ ወደ ዕቁቡና ወደ ዕድሩ ነው። ዕቁብ ያለ ጽሑፍና ያለ ፖሊስ ብዙ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ ያልከፈለውን ያውቃል፤ ዋስ ይጠራል። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ማኅበር የቦዩን ጥራጊ ሊቆጣጠር አይችልም ማለት አይቻልም። አስተዳደሩ ከየተራው ጋር በጽሑፍ ቢዋዋል፣ የጥራጊውን ክፍያ በውኃ ሳይሆን በተራው ጥራጊ መጠን ቢተምነው፣ ቦዩ ሲደፈን የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢታወቅ፣ የጠፋው ተከሳሽ ይገኛል። ተራው በሕግ ሰውነት የለውም የሚል መቃወሚያ ከሕግ ባለሙያዎች ዘንድ እንደሚነሣ እናውቃለን። ኅብረት ሥራ ማኅበርም፣ ዕድርም ሰውነት ያገኙት ሕግ ስለ ሰጣቸው ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ያለን መሣሪያ አንቀጽ 11 ስለ ሆነ፣ የሰበካ ጉባኤያትና የወጣት ማኅበራት ሊጠቀሙበት ይችሉ ዘንድ አጻጻፉን ጥቂት እንበል። «መርካቶ ቆሽሿል» የሚል አቤቱታ ማንንም አያስነሣም። የትኛው ቦይ፣ በየትኛው ተራ፣ በየትኛው ሕንፃ ፊት፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደ ተደፈነ ይጻፍ። የሚጣለው ነገር ዓይነትና ከየት እንደሚመጣ ይነገር፤ የታወቀ ድርጅት ካለ በስሙ፣ ከሌለ ተራው ይጠቀስ። ከተቻለ በተለያዩ ቀኖች የተነሡ ፎቶግራፎች ይያያዙ። የሚጠየቀውም «አንድ ነገር ይደረግልን» ተብሎ ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ እንዲያይና በካዩ በራሱ ወጪ እንዲያጸዳ ተብሎ ይለይ። አቤቱታው ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በሁለት ቅጂ ይቀርባል፤ አንዱ እዚያው ይቀራል፣ ሁለተኛው በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ወደ አቤት ባዩ ይመለሳል። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ነውና ቅጂውን ከእጃችሁ አታውጡት።